በራፖር ላይ ስለሚገባ ሥዕልና ግራፍ፤ የእህል በረንዳ ናሙና ለሹም ምን ያስተምራል

በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው የመንግሥትን ሥራ የምትመሩ ክቡራን ሹማምንት፣ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ይዛችሁ የምታሳርሱ ባለ ይዞታዎች ሆይ፤

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ እህል በረንዳ ወደሚባለው ስፍራ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር አለ። ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ጤፉን በእፍኙ ዘግኖ ለገዢው ያሳያል። ልምድ ያለው ገዢ ግን ከጆንያው አፍ ላይ በታየው ብቻ አይረካም፤ ሾጣጣውን ብረት በጆንያው ጎን ወግቶ ከመካከል የወጣውን በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይመረምራል። ይህን ማድረጉ ነጋዴውን ንቆ አይደለም፤ ከላይ ማኛ ከታች ሰርገኛ ሆኖ የተገኘበት ቀን ስለ ነበረ ነው።

ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ላይ የሚላከው የእርሻ ራፖር ከዚህ ናሙና የተለየ አይደለም። በላይ ያለው ሹም ማሳውን ሁሉ በእግሩ ሊዞር ስለማይቻለው የሚያየው የተዘገነለትን ነው። የተዘገነለትም ነገር ዛሬ በአብዛኛው ፎቶግራፍና ግራፍ ሆኗል። ዘርና ማዳበሪያ ወዴት ይሂድ፣ እርዳታስ ለየትኛው ቀበሌ ይቅደም የሚለው ውሳኔ በዚህ ላይ የሚመሠረት ከሆነ፣ ሥዕል በጽሑፍ ላይ መጨመር የጌጥ ሥራ ሳይሆን የምስክርነት ሥራ ነው ማለት ነው።

ቍጥርን በሥዕል የመግለጽ ጥበብ የትላንት አይደለም። ዊልያም ፕሌይፌር የሚባል የስኮትላንድ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1786 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን የንግድ ገቢና ወጪ በመሥመርና በዓምድ ሥሎ አሳየ፤ በ1801 ዓመት ደግሞ እንደ እንጀራ ክብ ሆኖ የሚከፋፈለውን ግራፍ አወጣ። በኋላም የስንዴን ዋጋና የሠራተኛን ደመወዝ በአንድ ገጽ ላይ አስተያይቶ አቀረበ። እንግዲህ ግራፍ ገና ከጥንቱ ለእህልና ለገበያ ነገር ያገለገለ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የእህልን ዋጋ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ በይፋ ማሳየትን ከሥራው አንዱ አድርጎታል፤ ዋጋው በግልጽ የታየለት ገበሬ በቀላሉ አይታለልምና።

አሁን ግን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ከእህል በረንዳ ብዙ ሳልርቅ በአንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ የወረዳ ጸሐፊ ራፖሩን በፍላሽ ይዞ ለማሳተም መጣ። እርሱ እንደ ነገረን ጽሑፉ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ያማረ ነበረ። በዚህ ቤት በተከፈተ ጊዜ ግን በግራፉ ላይ የነበሩት የቀበሌ ስሞች የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ታዩ፤ የስንዴው ማሳ ፎቶግራፍም ከቦታው ሸሽቶ በማዳበሪያው ሰንጠረዥ ላይ ተኛ። ጸሐፊውም አውቶቡስ እንዳያመልጠው ቸኩሎ ፎቶግራፉን ከጎኑ ይዞ አጠበበው፤ በማሳው ውስጥ የቆመው ገበሬም እንደ ሸምበቆ ቀጠነ። ሰንጠረዡ ግን እኩሌታው እንደ ተሸፈነ ቀረ። ራፖሩ እንደዚሁ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ማኅተም ወዳለበት ሄደ። ከሥዕሉ በታች የተሸፈነው ቍጥር የሰው ማዳበሪያ፣ ኋላም የሰው እንጀራ መሆኑን ማንም አላሰበም።

ጸሐፊውን ለመውቀስ ይህን አልጻፍሁም፤ ጥፋቱ ካለማስተማር የመጣ ነውና። ነገሩ አስቸጋሪ አለመሆኑን ግን ላስረዳ።

በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ በኢንሰርት በኩል የገባ ሥዕል በሁለት ዓይነት ይቀመጣል። አንደኛው እንደ አንድ ትልቅ ፊደል በመሥመሩ ውስጥ ገብቶ ከጽሑፉ ጋራ የሚሄድ ነው፤ ሁለተኛው በጽሑፉ ላይ ወይም በጎኑ የሚንሳፈፍ ነው። ለመንግሥት ራፖር የሚበጀው ፊተኛው ነው፤ ጽሑፍ ቢጨመርበት ወይም ቢቀነስበት ሥዕሉ ከአንቀጹ አይለይምና። ሥዕልን ለማሳነስ የፈለገም ከማዕዘኑ ይያዘው እንጂ ከጎኑ አይጎትተው፤ ከማዕዘኑ የተያዘ ሥዕል ቁመቱና ወርዱ ተመጣጥኖ ይቀንሳል። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ብዙ ሆኖ ሲገባ ሰነዱን ያከብደዋልና በደካማ ኢንተርኔት የሚልክ ሰው አስቀድሞ ኮምፕረስ ፒክቸርስ በሚለው ትእዛዝ ያቅልለው።

ስለ ፊደላችንም እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓመት በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ በዓለም ኮምፒዩተር ሁሉ የታወቀ ቦታ አግኝቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ የተሠሩ የፊደል ዓይነቶች ግን ፊደሉ ባልተጫነበት መኪና ላይ ይበላሻሉ። ስለዚህ በግራፍ ላይ የሚጻፈው ስም ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን፤ ያለቀውም ራፖር በፒዲኤፍ ተለውጦ ይላክ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ አደጋ ደግሞ አለ። በወርድ ውስጥ የፎቶግራፉን ዳር በክሮፕ የቆረጠ ሰው የቆረጠው ክፍል የጠፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተቆረጠው እንዲሰረዝ ካልታዘዘ በሰነዱ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ የተቀበለውም ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። እንዲሁም ከኤክሴል የመጣ ግራፍ ከነመዝገቡ ተጣብቆ የገባ እንደ ሆነ፣ ግራፉን የተቀበለ ሰው መላውን መዝገብ ሊከፍተው ይችላል፤ በመዝገቡም ውስጥ የገበሬው ስም፣ የይዞታው ስፋትና ያለበት ብድር ሊገኝ ይችላል። ይህንን ለማያገባው ሰው መስጠት የታመነበትን ምሥጢር ማውጣት ነው። ወደ ውጭ በሚላከው ጽሑፍ ላይ ግራፉ እንደ ሥዕል ተደርጎ ይግባ፤ መዝገቡ ግን በቢሮው ይጠበቅ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ እጅ ሥራ ነው። የሚበልጠው የሕሊና ነገር ነው። ምሳሌ ልስጥ። የአንድ ወረዳ የጤፍ ምርት አምና በሄክታር 20 ኩንታል፣ ዘንድሮ 21 ኩንታል ነው እንበል። እድገቱ ከመቶ 5 ነው። የግራፉ መነሻ ከዜሮ ሳይሆን ከ19 የተጀመረ እንደ ሆነ ግን የዘንድሮው ዓምድ የአምናውን እጥፍ ሆኖ ይታያል። ቍጥሩ አልተዋሸም፤ ዓይን ግን ተታልሏል። ይህም ከላይ ማኛ ከታች ሰርገኛ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ መነሻውን ከዜሮ ከፍ አድርጎ ይጀምረዋልና፣ አሳስቼ አላውቅም የሚል ሹምም ቢሆን መመልከት ይገባዋል። ስለዚህ በዓምድ የሚታይ ግራፍ ሁሉ ከዜሮ ይጀምር።

መለኪያውም ይጻፍ። ጥማድ ከአገር አገር ይለያያልና ስፋቱ በሄክታር፣ ክብደቱ በኩንታል ይነገር። የመኸርና የበልግ ምርት ተደባልቆ በአንድ ዓምድ አይታይ። ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር ከሆኑ መስከረም፣ ጥቅምት ተብለው በፊደል ይጻፉ፤ ዓመቱም በማን አቆጣጠር እንደ ሆነ ይገለጽ። ክብ ግራፍ ከአምስትና ከስድስት በላይ ሲከፋፈል አይነበብምና በዓምድ ይለወጥ። ቀይና አረንጓዴ ብቻ ተለይተው የተሠሩበት ግራፍ በጥቁር ፎቶ ኮፒ ሲወጣ ሁለቱ አንድ መስለው ይታያሉና በየዓምዱ ላይ ቍጥሩ ይጻፍበት። ከፎቶግራፉም ሥር የየትኛው ቀበሌ ማሳ እንደ ሆነ፣ በስንት ቀን እንደ ተነሣ፣ ከግራፉም ሥር ቍጥሩን ማን እንደ ቈጠረው ይጻፍ። ያምናውን ፎቶግራፍ ለዘንድሮ መድገም ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ «መብራት በሚጠፋበት፣ ኮምፒዩተሩ ባረጀበት፣ የተማረ ጸሐፊ ባጣንበት ወረዳ ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል? ዋናው ነገር ቍጥሩ ነው እንጂ መልኩ አይደለም» ትሉ ይሆናል። ክርክሩ እውነት አለበት፤ እኔም ከተሸለመ ውሸት በእርሳስ የተሠመረ እውነት ይሻላል እላለሁ። በወረቀት ላይ በማሥመሪያ የተሠራ ንጹሕ ግራፍ የሚያሳፍር አይደለም። ዳሩ ግን ከላይ ከዘረዘርሁት አብዛኛው አዲስ መኪና አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ የማስተማሪያ ቀንና ከመፈረም በፊት የሚሆን የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ነው። አንድ ሹም ራፖሩ ከመታተሙ በፊት ግራፉን ከመዝገቡ ጋራ በጣቱ እየቈጠረ ቢያስተያይ፣ የጆንያውን ጎን በብረት እንደ ወጋው ገዢ መሆኑ ነው። ባለ ይዞታውም ለባንክ ወይም ለመሥሪያ ቤት ስለ እርሻው የሚያቀርበውን ጽሑፍ እንዲሁ ያድርግ፤ አንድ ጊዜ በሥዕል ያሳሳተ ሰው ሁለተኛ ጊዜ በእውነትም አይታመንምና።

መርካቶ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ የተቋቋመ ነው። ስሙም ከጣሊያንኛ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው ገበያ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ገበያው ጸንቶ የቆየው ነጋዴው ሁሉ ቅዱስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ገዢው ናሙናውን መመርመር ስላልተወ ነው። የመንግሥት ሥራም በዚሁ ይጸናል። እንግዲህ ክቡራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ራፖር ላይ ስማችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ሥዕሉን ገልጣችሁ ከሥሩ የተሸፈነ ቀበሌ አለመኖሩን ተመልከቱ።