ሐይቅ ዳር መውጣት ሕክምና አይደለም

ባሕር ዳር ላይ «ደብሮኛል» ያለ ሰው ከወዳጁ የሚያገኘው ምክር የታወቀ ነው፦ «ጣና ዳር ወጣ በልና ንፋስ ተቀበል።» ለአንድ ከሰዓት ድብርት ይህ ይበቃል። ሳምንታት ለቆየ፣ እንቅልፍ ለነሳ፣ ምግብ ላስጠላ፣ ሞትን ላስመኘ ሕመም ግን አይበቃም። ባለሙያዎች ሕመሙን «ድባቴ» ብለው ለይተውታል፤ እኛ ግን ሁለቱንም «ድብርት» ብለን በአንድ ምክር እንሸኛቸዋለን።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። «እንዲህ ባማረ ከተማ ምን ጎደለህ?» የተባለ ሕመምተኛ ያፍራል፤ ያፈረ ደግሞ ዝም ይላል። ወይም «ራሴን፣ ጨጓራዬን» እያለ ጤና ጣቢያ ይመላለሳል። ድባቴ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በአካል ሕመም ነውና የጨጓራ ክኒን ተሰጥቶት ሳይታከም ይመለሳል።

ሌላው ፍርዳችን «የእምነት ማነስ ነው» የሚለው ነው። ጠበልና ጸሎት የሚያጽናኑት ሰው ብዙ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምቃወመው «ጠበል ከገባህ መድኃኒቱን ተው» የሚለውን ትእዛዝ ነው። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ መክረዋል። ለድባቴ ሕሙማን ይህ ምክር የማይሆንበት ምክንያት የለም። እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ለውጥ እስኪያሳዩ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ገና በጅምሩ ያስጣልነው ሰው «መድኃኒቱም አላዳነኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ሐዘንን ሁሉ ሕመም ማድረግም ስሕተት ነው። የቀበረ ያለቅሳል፤ ሥራ ያጣ ተመራቂ ይከፋዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግጭት ውስጥ የሚኖር የአማራ ክልላችን ሰው ይሰጋል። እነዚህ የሚሹት እድርተኛ፣ ሥራና ሰላም ነው። ነገር ግን የመከራው ምክንያት ስለታወቀ ብቻ ሕመም አይሆንም ማለት አይቻልም፤ ሐዘንም ስጋትም ሲከርሙ ድባቴ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ስለዚህ ከመምከራችን በፊት እንጠይቅ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? እንቅልፍህስ? ትወደው የነበረው ነገር ዛሬም ደስ ይልሃል? ሞት ያሰኝሃል? የመጨረሻውን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይተክልም። ሕመሙ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሰው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይዘነው እንሂድ። «አዎ፣ ሞት ያሰኘኛል» ካለ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይታከም፣ እስከዚያም ብቻውን አንተወው።