የቤተሰብ ጤና፦ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች

ቤት ሆሊም የተኛ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ በክፍሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ነርሷም ጓንት አጥልቃና ከልብሷ በላይ ሌላ ልብስ ደርባ ስትገባ አይታችሁ ይሆናል። እናንተንም «እንዲሁ ልበሱ፣ ተራ በተራ ግቡ» ትላችኋለች። በአገራችን ልማድ ታማሚ የሚጠየቀው በቤተሰብ ሙሉ ስለሆነ፣ ይህን ያየ ሰው «ተጸየፉን» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ «ቢዱድ» የሚል ቃል ካለ ትርጉሙ ለብቻ ማቆየት ማለት ነው፤ ከየትም አገር ለመጣ ሕመምተኛ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በሕመምተኛው ላይ የተለመዱት አንቲባዮቲኮች የማይገድሉት ባክቴሪያ መገኘቱ ነው።

ብዙዎቻችን «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» እንላለን። የሚለምደው ግን ሰውነታችን አይደለም፣ ባክቴሪያው ነው። በአንድ ቁስል ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሆነው ይገኛሉ። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል እነዚህ ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፤ የመቋቋም ችሎታቸውንም ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያስተላልፋሉ። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ መድኃኒቱ ሳይበቃ ከተወሰደ ይህ እንደሚመጣ አስጠንቅቆ ነበር።

በእስራኤልም ደርሷል። በ2006 ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ፣ ሐኪሞች ለክፉ ቀን የሚያስቀምጧቸውን አንቲባዮቲኮች የሚቋቋም ሆኖ በሆስፒታሎች ተሰራጨ። እስከ ማርች 2007 መጨረሻ ድረስ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሕመምተኞች ተገኝቶባቸው ነበር። የጤና ሚኒስቴር ያን ጊዜ ባክቴሪያው ያለባቸው ሁሉ ተለይተው እንዲተኙ፣ የሚንከባከቧቸውም ሠራተኞች ለእነርሱ ብቻ እንዲመደቡ፣ ሆስፒታሎቹም በየቀኑ ሪፖርት እንዲያደርጉ አዘዘ። ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አዲስ የሚያዙት ቁጥር ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በአዲስ መድኃኒት አይደለም፤ ባክቴሪያው በእጅ ከአልጋ ወደ አልጋ እንዳይሄድ በመከልከል ነው። ጓንቱም የሚደረገው ለዚሁ ነው።

አዲስ መድኃኒትስ የለም ወይ? ይፈለጋል፣ እዚሁ ኢየሩሳሌምም ይፈለጋል። በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮነን ሐዛን፣ በሃዳሳ ሆስፒታል ደግሞ ፕሮፌሰር ራን ኒር-ፓዝ «ፋጅ» በሚባሉ ቫይረሶች ላይ ይሠራሉ። ፋጅ ሰውን አያጠቃም፤ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ነው። ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያም አፈንድቶት ይወጣል። የሚገርመው፣ ፋጅ የሚፈለገው ባክቴሪያ በብዛት ባለበት፣ ለምሳሌ በፍሳሽ ውኃ ውስጥ ነው። ከዚያ ተለይቶና ተጣርቶ ይቀመጣል።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ፌሊክስ ደሬል የተባለ ተመራማሪ በ1917 ስለ ፋጅ ጽፏል፤ በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲም በ1923 የተቋቋመ ተቋም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። (ከጆርጂያ የመጡ ጎረቤቶች ካሏችሁ ጠይቋቸው።) አንቲባዮቲክ በርካሽ ሲገኝ ሌላው ዓለም ረሳው። በ2019 የሃዳሳ ሐኪሞች፣ በአደጋ የተጎዳው የእግሩ አጥንት በሁለት ዓይነት መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች የተመረዘበትን ሰው ታሪክ አሳተሙ። ፋጅና አንቲባዮቲክ አንድ ላይ ተሰጠው፤ ቁስሉ ዳነ፣ እግሩም ከመቆረጥ ተረፈ።

ይሁን እንጂ «ፋጅ ይሰጠኝ» ብሎ ፋርማሲ መሄድ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ የሚስማማው ፋጅ በላቦራቶሪ መፈለግ አለበት፤ የሚሰጠውም ሌላው ሕክምና እምቢ ላላቸው ጥቂት ሰዎች በልዩ ፈቃድ ነው። ባክቴሪያው ፋጅንም ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ ገና ብዙ ምርምር ይቀረዋል፤ እስከዚያ ድረስ ያሉትን መድኃኒቶች ማባከን የለብንም።

አንዳንዶቻችን በአገር ቤት ካፕሱል ከሱቅ ገዝተን፣ ከፍተን ዱቄቱን ቁስል ላይ እንነሰንስ ነበር። እዚህ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ያለ «ሚርሻም» አይሸጥም። ግን ከታላቁ ልጅ የተረፈውን ሽሮፕ ለታናሹ መስጠት፣ ለጎረቤትም ማካፈል አሁንም አለ። ይህ ይቅር፤ የተረፈውን መድኃኒት ወደ ኩፓት ሆሊም ፋርማሲ መልሱ። ስንት ቀን እንደሚወሰድ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ፣ በዕብራይስጥ «ሻሄፌት»፣ ከሁሉ የተለየ ነው። ሳሉ በጥቂት ሳምንታት ቢተውም መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወር ይወሰዳል፤ በመካከል ያቋረጠ ሰው መድኃኒት የማይበግረው ነቀርሳ ሊይዘው፣ ለቤተሰቡም ሊያስተላልፈው ይችላል። ያንን ማከም ቀድሞ 18 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ የ6 ወር አዲስ ሕክምና ፈቅዷል፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል።

እናቶች ደግሞ ልጃቸው ጉንፋን ይዞት ሐኪም ዘንድ ሄደው ያለ ሚርሻም ሲመለሱ «ባዶ እጃችንን ሰደደን» ሲሉ እንሰማለን። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ሐኪሙን «ዜ ቪሩስ ኦ ሃይዳክ?»፣ ማለትም «ቫይረስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቫይረስ ነው ካለ፣ ትኩሳቱ ስንት ቀን ከቆየ ልጁን መልሳችሁ እንደምታመጡት ሳትጠይቁ አትውጡ።