ሆድና ሰዓቱ፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው መቼና ምን ይብላ?

ከተማው በሩን ዘግቶ ሲተኛ ዓይኑን ሳይከድን የሚያድር ብዙ ሰው አለ። በሆስፒታል በሽተኛ የምታስታምመው ነርስ፣ የምጥ ሌሊት የማይቀርላት አዋላጅ፣ ጠዋት የምንገዛውን ዳቦ ሌሊት የሚጋግረው ዳቦ ጋጋሪ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሞተር የሚፈትሸው መካኒክ፣ በሌሊት ፈረቃ በመኪናው ፊት የሚቆመው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ካፖርቱን ደርቦ በር የሚጠብቀው ዘበኛ፤ እነዚህ ሁሉ የእኛን እንቅልፍ በራሳቸው እንቅልፍ የሚገዙልን ሰዎች ናቸው። የዛሬው ጽሑፋችን ለእነርሱና ለቤተ ሰቦቻቸው ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ስለ ጤናው ቢጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «የምበላው ከሌላው ሰው አይበልጥም፤ እንቅልፍም የለኝም፤ ነገር ግን ቀበቶዬ እየጠበበ ሄደ» ይላል። «ሆድና ግንባር አይሸሸግም» እንዲሉ፣ ነገሩ ከጎረቤት አይሰወርምና «ተመችቶሃል፤ ወፈር ብለሃል» ተብሎ ይመሰገናል። በአገራችን ውፍረት የድሎት ምልክት ሆኖ መቈጠሩ የቈየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ በሌሊት ሠራተኛ ላይ የሚታየው ቦርጭ ብዙ ጊዜ የድሎት ሳይሆን የተዛባ ሰዓት ምልክት ነው። ቸል ቢሉት ደግሞ የስኳር በሽታንና የደም ብዛትን አስከትሎ ሊመጣ ይችላል።

ሰዓቱ እንዴት ይዛባል? እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቈጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነው። ሰውነታችንም የሚቈጥረው በዚሁ በፀሐይ ነው። በአንጎላችን ሥር፣ ከዓይኖቻችን በስተኋላ፣ የብርሃንን ወሬ ከዓይን የሚቀበል አንድ እጅግ ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ። የሰውነታችን ዋና ሰዓት እርሱ ነው። ጉበትም፣ ቆሽትም፣ አንጀትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ይህን ሰዓት የሚያንቀሳቅሰውን ረቂቅ ሥራ በትንሿ የፍሬ ዝንብ ላይ ተመራምረው የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውነት የዕለት ሥራውን ይዘጋል፤ ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። ቆሽትም በሌሊት እንደ ቀኑ ፈጥኖ ለምግብ አይነሣም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሙሉ ትሪ ብናቀርብለት፣ ሱቁን ዘግቶ የተኛውን ባለ ሱቅ በር እያንኳኳን ዕቃ እንደምንጠይቀው ያህል ነው። ይሸጥልን ይሆናል፤ ነገር ግን እያንቀላፋ ነው።

ይህ በላብራቶሪም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ አገር የወጣ አንድ ጥናት 10 ሰዎችን ወስዶ የሚበሉበትንና የሚተኙበትን ጊዜ ከሰውነታቸው ሰዓት ጋር ባጋጨ ጊዜ፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር በመቶ 6 ከፍ ብሎ ተገኘ። ቆሽታቸው ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቶ 22 አብልጦ ቢያመነጭም እንኳ ስኳሩን ሊያወርደው አልቻለም። የጥጋብን ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ደግሞ በመቶ 17 ቀነሰ።

የእንቅልፍ ማነስም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የቺካጎ ጥናት 12 ወጣቶችን ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ቢያደርግ፣ ሌፕቲናቸው በመቶ 18 ቀንሶ፣ ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን በመቶ 28 ጨመረ። ወጣቶቹ ይልቁንም የጣፈጠና ዱቄት የበዛበት ምግብ አማራቸው። ስለዚህ ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሰው ጠዋት ብስኩትና ቦምቦሊኖ ቢያምረው ሆዳም ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰውነቱ ሐሰተኛ የረኃብ ወሬ ስለ ነገረው ነው። ራስዎን ከመውቀስ ይልቅ ወሬው ሐሰት መሆኑን ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ደስታው ወሬ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት 19 ሰዎችን የሌሊት ሥራ በሚመስል ኑሮ ውስጥ አስገብቶ በሁለት ከፈላቸው። ሌሊትም ጭምር የበሉት የደማቸው ስኳር በመቶ 6.4 ጨመረ። ሌሊት እየነቁ ምግባቸውን ግን በቀን ብቻ የበሉት ምንም አልጨመረባቸውም። የተፈተኑት ሰዎች ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ቢሆንም ቅሉ ምክሩ ግልጥ ነው። የሥራዎን ሰዓት ለመለወጥ ሥልጣን ባይኖርዎ፣ የምግብዎን ሰዓት ለመለወጥ ግን ሥልጣኑ በእጅዎ ነው። ሰውየው ሌሊት ይሥራ፤ ሆዱ ግን የፀሐይን ሰዓት ይጠብቅ።

በተግባር እንዴት ይሆናል? ከምሽቱ 2 ሰዓት ገብቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚወጣ ሰው እንውሰድ።

አንደኛ፤ ዋናውን ምግብ ከቤት ሳይወጡ ይብሉ። ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥሩ እራት ይሁንልዎ። የጤፍ እንጀራ በምስር ወጥ ወይም በሽሮ፣ ከጎኑም ጎመን ወይም ሰላጣ፤ የፍስክ ቀን ከሆነ እንቁላል ወይም ጥቂት ሥጋ። ምስርና ሽሮ በሆድ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ ጎመኑም እንጀራው ሳይበዛ ያጠግባል። በዘይት ግን ይጠንቀቁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ወጥ ሲሠራ ዘይቱ ከጠርሙሱ እየተንቆረቆረ ሳይሆን በማንኪያ እየተለካ ይግባ።

ሁለተኛ፤ በሥራ ቦታ የሚበሉት ጥቂት ይሁን፤ እርሱም ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ይለቅ። አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም አንድ ብርጭቆ እርጎ፣ ወይም አንድ ጭብጥ ቆሎ ከሙዝ ጋር ይበቃል። ይህንንም ከቤት ይዘው ይሂዱ። በሌሊት የተከፈተ ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ብስኩት፣ ለስላሳና በዘይት የተጠበሰ ነገር ነውና፤ ሳይዝ የሄደ ሰው ያገኘውን ይበላል። በዋሺንግተን ከተማ በመኪና ማቆሚያ ቤቶች አዳር የሚሠሩ ወገኖቻችንም ቢሆኑ፣ ሳንቲም ከሚጎርሰው የብስኩት ሣጥን የሚያድናቸው ይኸው ከቤት የተቋጠረ ምሳቃ ነው።

ሦስተኛ፤ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ውሃ እንጂ ምግብ ባይወስዱ ይመረጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ የሚመጣው ብርድና የሆድ ባዶነት ስሜት ብዙ ጊዜ ረኃብ ሳይሆን ድካም ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ወይም ስኳር የሌለው ትኩስ ሻይ ጠጥተው፣ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። እውነተኛ ረኃብ ከሆነ አይሠቃዩ፤ ቀጠን ያለ የአጃ አጥሚት ወይም ጥቂት ቆሎ ይውሰዱ።

አራተኛ፤ ጠዋት ቤት ሲገቡ ሆድዎን አይሙሉ፤ በረኃብም አይተኙ። አንድ ቍራሽ ዳቦ ከእንቁላል ጋር፣ ወይም አንድ ሳሕን አጃ በቂ ነው። ከዚያ ጨለም ባለ ክፍል ይተኙ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሲነሡ ደኅና ምሳ ይብሉ፤ ግማሽ ሰዓትም በፀሐይ ብርሃን ይራመዱ።

ስለ መጠጥ ደግሞ ጥቂት እንበል፤ የሌሊት ሠራተኛ ውፍረት ከሳሕኑ ይልቅ ከብርጭቆው የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነውና። ሌሊቱን አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በያንዳንዱም ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 15 ማንኪያ ስኳር ጠጣ ማለት ነው። አንዱ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ስለሚመዝን ድምሩ 60 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ወሰኑ 50 ግራም ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አንዲት ጉርሻ ሳይጎርስ ወሰኑን አልፏል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጨምርበት ሌላ 30 ግራም ያህል ይደርብበታል። ስኳሩን በአንድ ቀን ይተዉ አንልም፤ ምላስ ይለምዳልና በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ።

ቡና የአገራችን በረከት ነው፤ የሌሊት ሠራተኛም ወዳጅ ነው። ነገር ግን ከጠጡት በኋላ በአምስት ወይም በስድስት ሰዓት ውስጥ የኃይሉ ግማሽ ገና ከደም አልወጣም። ጠዋት በ3 ሰዓት ሊተኙ ካሰቡ የመጨረሻውን ስኒ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት ይጠጡ። ጎረቤት በማለዳ ቡና ቢጠራዎ «ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ» ማለት ነውር አይደለም፤ አቦሉ ቢያልፍዎ እንቅልፉ ይካስዎታል።

ጫት ግን ሌላ ነው። ሲቅሙት ረኃብንም እንቅልፍንም ያባርራል፤ በማግሥቱ ግን እንቅልፍ ተነፍጎ የዋለው ሰውነት ዕዳውን ይጠይቃል። ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳም በሒሳቡ ላይ ይደመራል። እንቅልፍን ለማባረር ብሎ የጀመረው ሰው በመጨረሻ እንቅልፍን ሲለምን ይገኛል።

የጾም ጊዜስ? እስከ 9 ሰዓት የሚጾም የሌሊት ሠራተኛ ከእንቅልፉ ሲነሣ ሰዓቱ ስለሚደርስ ይስማማዋል። በሽሮ፣ በምስር ወይም በሱፍ ፍትፍት ይግደፍ እንጂ በሳምቡሳና በተጠበሰ ድንች ሆዱን አይሙላ። በረመዳን የሚጾም ግን በሌሊት ከመብላት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ በአፍጥር በውሃ፣ በቴምርና በሾርባ ጀምሮ ልከኛ እራት ይብላ፤ ሌሊቱን በሙሉ ከመቃመስ ይቆጠብ፤ ለሱሁር እንደ ፉል ያለ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ምግብ ይምረጥ።

ይህን ምክር ሁሉ ሰው እንዳለ ሊከተለው አይገባም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው ሌሊቱን ሳይበላ ቢያድር ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላልና አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ክብደት ለመቀነስ አትጹም። እንዲያውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን እንደሚከለክል ብታውቅ መልካም ነው።

ክብደትዎን ለመቀነስ የሚሹ ደግሞ አይቸኩሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ደግ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእንቅልፍ እንደ ተነሡ ይመዘኑ። ሚዛን ከሌለዎ የቀበቶዎ ቀዳዳ አይዋሽም።

በመጨረሻ ለቤተ ሰብና ለአሠሪ አንድ ቃል አለን። ቀን የሚተኛ ሰው ሰነፍ አይደለም። ልጆች በደጅ ይጫወቱ፤ መስኮቱ ይጋረድ፤ ምሳው በመሶቡ ተከድኖ ይቆየው። እናንተም አሠሪዎች፣ ንጹሕ ውሃ፣ ምግብ የሚሞቅበት ምድጃና ለጥቂት ደቂቃ የሚቀመጡበት ወንበር ለሌሊት ሠራተኞቻችሁ አትንፈጉ። ዋጋው ጥቂት ነው፤ ጤነኛ ሠራተኛ ግን በገበያ አይገኝም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ለሥራ የሚወጡ ከሆነ ሁለት ነገር ብቻ ይጀምሩ፤ እራትዎን በልተው ይውጡ፤ ጥቂት ቆሎም በኪስዎ ይያዙ። የቀረውን በየሳምንቱ ይጨምሩበታል። ሌሊቱ በሰላም ይንጋልዎ።