ስም ከመሰረዙ በፊት

በዛሬው ዓምዳችን የማጫውታችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱን የሠራሁት በቀይ እስክሪብቶና በማስመሪያ ነው።

ቀበና ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ ቁልቁል በሚወርደው መንደራችን የእድር ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊነቱ የደረሰኝ መምህር ስለሆንኩ ነው፤ በሰፈር ወግ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብለት ሰው ከደብተር አያመልጥም። እድራችን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው። ድንኳኑና ወንበሩ የጋራ፣ የሥጋው ድስት የየራሱ። ክርስቲያን ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ወንበር ተሸክመን እንሸኛለን። ከእኛ ሰው ሲሞት ደግሞ ጀናዛ አያድርምና እነርሱ በጡሩምባው ድምፅ ከመኝታቸው ተነስተው ኮልፌ መቃብር ድረስ አብረውን ይሄዳሉ። ከቀበና ኮልፌ ማለት ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማቋረጥ ነው። የሥራ ቀን ሲሆን የቀን ገቢውን ትቶ የሚመጣ አለ። ለዚህ ሁሉ ድካም ማንም አይከፈለውም።

ደንባችን ግን ጥብቅ ነው። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ ማስጠንቀቂያ ይደርሰውና በአራተኛው ወር ስሙ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቢሞት ድንኳን አይወጣለትም። ክፉ ደንብ ነው ለማለት አይደለም፤ ያለ ቅጣት የቆመ እድር እኔ አላየሁም።

በ2014 ዓ.ም ሰኔ ላይ እንዲህ አድርጌ የሰረዝኩት የአንዲት እናት ስም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ለብዙ ዓመት እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት ሲያስረክቡ የኖሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በስብሰባው ቀን አልነበሩም። “አራት ወር” አልኩ፤ ማንም አልተናገረም። ማስመሪያዬን አስተካክዬ ቀዩን መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ይህን የምለው ያን ዕለት ያሰብኩት ስለ መስመሩ ቀጥነት ብቻ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

ሐምሌ ገባ። ቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ነው የሚነሳው፤ ዳገቱ ላይ የወረደው ዝናብ እኛ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። አንድ ሌሊት ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና የእማማን ቆርቆሮ ገሸለጠው። ሲነጋ ሄደን ስናይ አልጋቸው ርሷል፤ ምጣዱ በአቧራ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተደግፏል። ወገባቸውን ታመው ምጣድ ከጣዱ አራት ወር ሆኗቸዋል! ያ የእኔ “አራት ወር” ማለት ይህ ነበር።

የእድራችን ዳኛ አዛውንት ሐጂ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

“መምህር፣ እኒህ ሴት ሌሊቱን ሞተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድንኳን እናወጣ ነበር?”

“ደንቡ አይፈቅድም፣ ሐጂ። ስማቸው ተሰርዟል።”

“ማን ሰረዘው?”

ምን ልበል? ዝም አልኩ። ሐጂም መልስ አልጠበቁም። ንብረት ያዡን አስጠርተው ግምጃ ቤቱን አስከፈቱና የድንኳኑ ሸራ እንዲመጣ አዘዙ። ወጣቶቹ ሸራውን በጣሪያው ላይ ዘርግተው በድንጋይና በገመድ አሰሩት። እማማ ይህን ሲያዩ ደነገጡ። “የለቀስተኛ ድንኳን በእኔ ላይ? ኧረ ገና አልሞትኩም፣ ሟርት አታድርጉብኝ!” አሉ። አንዲት ጎረቤት፣ “እማማ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት ያለ ሰው ይጠለልበት!” ስትላቸው እያለቀሱ ሳቁ። ሸራው ዘጠኝ ቀን እዚያው ቆየ። በነዚያ ዘጠኝ ቀናት በሰፈራችን ሰው አለመሞቱ የአላህ እዝነት ነው እንጂ እኛማ ሌላ ድንኳን አልነበረንም።

በዘጠኙ ቀን ውስጥ የተሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከአባሎቻችን ሁለቱ አናጢዎች ናቸው። ቆርቆሮው ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆነ። እንጨቱንና ሚስማሩን የተሸከሙት ከማስተምራቸው ልጆች አምስቱ ናቸው። ሴቶቹ በየተራ ምግብ አመጡ። ሥራው ሲያልቅ ግን ልጆቹ መበተን አልፈለጉም። “ቀጥሎ የማን ነው?” ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ሆኖ ነው በእድራችን ውስጥ ትንሽ የበጎ ፈቃድ ቡድን የተፈጠረው። ስም አላወጣንለትም፤ ሰፈሩ ግን “ጣሪያዎቹ” ይላቸዋል። የአቅመ ደካማን ቤት በክረምት ማደስ በአሁኑ ጊዜ በመንግሥትም የሚዘመትበት ነገር ነው፤ የዘመቻው ዝርዝር ውስጥ ስሙ የማይገባ ሰው ግን በየመንደሩ አይጠፋም።

“የማን ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ከደብተሬ ነው። የውዝፍ ዕዳ ገጽ አለኝ። ያን ገጽ ለዓመታት የሰነፎች ዝርዝር አድርጌ ነበር የማየው። ልጆቹን ይዤ እያንዳንዱን ቤት ማንኳኳት ጀመርኩ። ከሰባቱ ባለ ዕዳዎች አንዱ ብቻ ነበር በእርግጥ ረስቶ ያልከፈለ። የቀሩት አንዱ ከሥራ ተቀንሷል፤ አንዷ ልጇን ሐኪም ቤት አስተኝታለች፤ ሌላው የአባቱን መታመም ለማንም አልተናገረም። እኔ የክፍል ተማሪ ሦስት ቀን ሲቀር ቤተሰቡን የምጠራ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ አራት ወር ሲቀር ግን ማስመሪያ አነሳሁ።

ገንዘብ ያዣችን በዚህ ነገር አልተደሰቱም። “የሞት ገንዘብ ለጣሪያ ከዋለ፣ በአንድ ወር ሦስት ሰው ቢሞትብን በምን እንቀብራለን?” አሉ። እውነት አላቸው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ኤድስ በከተማችን ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ እድሮች በቀብር ብዛት ካዝናቸው ተራቁቶባቸው ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ናቸው ታማሚ ማስታመምና የሙት ልጅ መርዳት የጀመሩት። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ድንኳን የሌለበት ቀብር አይተናል። ስለዚህ በክርክሩ መጨረሻ የተስማማነው የካዝናው ገንዘብ እንዳይነካ ነው። “ጣሪያዎቹ” የሚሠሩት በጉልበትና በተለየ ሣጥን በሚሰበሰብ ሳንቲም ነው፤ ሣጥኑንም የያዙት እኚሁ ገንዘብ ያዥ ናቸው! ደንቡም ተሻሻለ። ማንም ሰው ስሙ ከመሰረዙ በፊት ሁለት አባላት ቤቱ ድረስ ሄደው ያዩታል።

ሁለተኛው ሥራቸው የስምንት ቤተሰብ የጋራ መጸዳጃ ነበር፤ በሩ ተገንጥሎ ሴቶች ጨለማ ሳይጠብቁ አይገቡበትም ነበር። አንዱ ልጅ ሥራው አሳፈረው መሰለኝ ፊቱን ሲያዞር የሮታሪን ነገር ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ የጀመረው ክበብ ነው። ዛሬ ፖሊዮን ለማጥፋት በሚደረገው ትግል በመላው ዓለም ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሠራቸው ሕዝባዊ ሥራዎች አንዱ ግን በከተማው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ልጁ ለጥቂት ጊዜ አሰበና፣ “እነሱ በር ነበራቸው?” አለኝ። አልመለስኩለትም፤ ማጠፊያውን አቀበልኩት።

አሁን የያዘን ጉዳይ ከጣሪያ ይከብዳል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደርና በወንዝ ዳር ልማት ምክንያት ከቀበና ብዙ ጎረቤት ተነስቷል። መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታ መብራቱ ያምራል፤ ይህን መካድ አይገባም። የእኛ ደብተር ግን ሳስቷል። በደንባችን “ከሰፈሩ የለቀቀ አባል አይሆንም” የሚል አንቀጽ አለ። የተነሱት ሰዎች ከከተማው ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትነዋል፤ አዲሱ ሕንፃ ላይ ገና እድር ያልቆመላቸው አሉ። ሃያ ዓመት ያዋጣ ሰው አድራሻው ስለተቀየረ ብቻ ይሰረዝ? አይሰረዝ ብንል ደግሞ በጡሩምባ የሚጠራ እድር ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ የሚደርስበትን ለቅሶ እንዴት ያዳርሳል? ሐጂ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ እስካሁን ቃል አልተነፈሱም።

የሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሁድ ኢንሻአላህ ይህንኑ እንነጋገራለን። ከተነሱት መካከል ሦስቱ ስማቸው ሲጠራ “አለሁ” ለማለት ከንጋቱ ጀምረው እንደሚመጡ በስልክ ነግረውኛል። እማማ ቡና እኔ ነኝ የማፈላው ብለዋል። ቀይ እስክሪብቶውን ቤት ትቼው እሄዳለሁ።