ሮቦቱም ይቀልድ፣ ተዉት!

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል» ይላል ያገራችን ሰው። ለቤቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይህንኑ ተረት ተሸክመው ሥነ ጽሑፍ መንደር የገቡ ሰዎች መብዛታቸው ነው። የሳይንስ ልብወለድ ወይም ምናባዊ አጭር ታሪክ ሲባል ጨለማ፣ ጥፋትና የዓለም ፍጻሜ ካልሞላው «ቁም ነገር የለውም» ይሉናል። ካሳቀማ በቃ፣ የልጆች ነገር ነው! እኛ ደግሞ ሳቁ ራሱ ነው ቁም ነገሩ እንላለን።

እስኪ ማስረጃ እንቁጠር። ጎጎል «አፍንጫ» የተባለውን ታሪክ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። የአንድ ማዕረግ ወዳድ ሹም አፍንጫ ከፊቱ ላይ ይጠፋና በፒተርስበርግ ጎዳና በሠረገላ ሲንሸራሸር ይገኛል፤ ያውም ከባለቤቱ የሚበልጥ የማዕረግ ልብስ ለብሶ! ሰውየው የገዛ አፍንጫውን ለማናገር ይሽቆጠቆጣል። ሳንሱር ግን «ቀልድ ነው» ብሎ አላለፈውም። አፍንጫው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታይበት ክፍል ወደ ገበያ አዳራሽ እንዲዛወር ሆኗል። በማይረባ ነገር ማን እንዲህ ይደክማል?

ከርት ቮኔገት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው «ሃሪሰን በርጀሮን» ዘመኑ 2081 ነው፤ ሰው ሁሉ በሕግ እኩል ሆኗል። ጉልበተኛው ክብደት ይሸከማል፣ ቆንጆዋ አስቀያሚ ጭንብል ታጠልቃለች፣ አሳቢው ደግሞ ሐሳቡን እንዳይጨርስ በየሃያ ሰከንዱ ገደማ የሚጮህ ራዲዮ ጆሮው ላይ ይገጠምለታል። እየሳቅን እናነባለን። መጨረሻ ላይ ልጇ በቴሌቪዥን ሲገደል ያየች እናት ለምን እንዳለቀሰች ትረሳዋለች። ያኔ ሳቃችን ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። ያለዚያ ሳቅ ቢጻፍ ኖሮ ስብከት ሆኖ ይቀር ነበር።

ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌምስ? እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ሳይበሪያድ» ውስጥ ትሩርል የተባለው ፈልሳፊ ባለ ስምንት ፎቅ የምታስብ ማሽን ይሠራል። ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው ሲላት «ሰባት» ትላለች። ሲያርማት ትቆጣለች፤ ብሎም ከመሠረቷ ተነቅላ ሠሪዋንና ጓደኛውን ታሳድዳቸዋለች። ኮምፒውተር በሙሉ ልቡ ሲሳሳት በየቀኑ በምናይበት በዛሬው ጊዜ ይህን ታሪክ የልጆች ነው የሚል ይኖራል? ለነገሩ «ሰባት ነው በሉ» የሚለው ማሽን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን የሚያናግረውን ኮሜዲያቸውን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መድረክ ላይ ሲያወጡ ቤተ መንግሥቱ ተቆጥቶ ቴአትር እስከ መከልከል ተደርሷል። አቤ ጉበኛም በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) «አልወለድም» ብሎ የሚሟገት ጽንስ ፈጥሮ መጽሐፉ ታግዶበታል። ሁለቱም አጭር ልብወለድ አይደሉም፤ ግን መንገዱን ያሳያሉ። አውሬና ጽንስ ሲናገሩ ሹማምንት የሚደነግጡት ነገሩ ስለገባቸው ነው።

በርግጥ ተቺዎቻችን አንድ እውነት አላቸው፤ ብዙው ቀልድ ርካሽ ነው። በሰው አነጋገር፣ በገጠሬው፣ በአካል ጉዳተኛው መሳቅ ስላቅ አይባልም። ስላቅ ጉልበት ያለውን ነው የሚነካው። ደግሞም ሥርዓት ይፈልጋል፦ ጎጎል የሚያስቀን ከአፍንጫው በቀር ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ስለሚሄድ ነው፤ ቮኔገትም አንዱን ሕግ ይዞ እስከ ጥጉ ስለወሰደው ነው። ርካሹን ቀልድ መጣል ተገቢ ነው። ሳቅን በጅምላ መጣል ግን ስንፍና ነው።

ስለዚህ አጭር ታሪክ የምትጽፉ ወዳጆቻችን፣ ለመከበር ብላችሁ አታኩርፉ። ማርስ ላይ ቀበሌ ክፈቱ። ሮቦቱም መታወቂያ ሊያሳድስ ሲሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና» ይባል። የውድድር ዳኞችና አዘጋጆችም ሲያነቡ ሳቅ ካመለጣቸው ነጥብ አይቀንሱ።

ቤቱንም አትስጉለት። በቀልድ የሚፈርስ ቤት ድሮም ምስጥ በልቶታል።