ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፦ ሁለት ሥርዓተ ክወና በአንድ ኮምፒውተር

የኮምፒውተርን ዲስክና ማኅደረ ትውስታ የሚያስተዳድረው፣ ተጠቃሚውንም ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ሥርዓተ ክወና ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። አብዛኞቻችን ይህን ሶፍትዌር የምናውቀው ዊንዶውስ በሚል አንድ ስም ብቻ በመሆኑ፣ ኮምፒውተርና ዊንዶውስ የማይነጣጠሉ ነገሮች ይመስሉናል። እኛ ግን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለው የሳይንስ ተማሪ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስን ቢጭን እጅግ ይጠቀማል እንላለን።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ሲሆን፣ ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያባዛው ይችላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በወጣው የዓለም ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች ዝርዝር 500ዎቹም በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ፤ የአንድሮይድ ስልክ እምብርትም ይኸው ሊኑክስ ነው። ይህን ስንል ግን ዊንዶውስ ይቅር ማለታችን አይደለም። በርካታ የምህንድስና ፕሮግራሞች የሚሠሩት በእርሱ ላይ ብቻ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍም ብዙ ጊዜ በዎርድ ተዘጋጅቶ ይቀርባል።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ዲስኩ በክፍልፍሎች ይከፈልና እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱን ድርሻ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ግረብ የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ቀድሞ ይነሳና የሁለቱን ስም ዘርዝሮ ምርጫውን ለተጠቃሚው ይተዋል። ሊኑክስ የዊንዶውስን ክፍል ማንበብ ሲችል ዊንዶውስ ግን በራሱ የሊኑክስን ክፍል አያነብም፤ ስለዚህ የጋራ ፋይሎችን ዊንዶውስ በሚያነበው ክፍል ማስቀመጥ ይበጃል።

ከዚህ ሥራ የሚገኘውን ትምህርት አንድ ምሳሌ ያሳየናል። ሊኑክስ በኮምፒውተሩ ውስጣዊ ሰዓት ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ሲመዘግብ፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአገሩ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰ ሰው ሰዓቱን 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ሊያገኘው ይችላል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የተለያየው የሁለቱ ስምምነት ነው። በአንድ ትእዛዝ የሚስተካከለው ይህ ችግር፣ ከመጽሐፍ ይልቅ በተግባር ቶሎ የሚገባ እውቀት ይሰጣል።

ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም በምናባዊ ማሽን ማስነሳት ይሻላል የሚሉ አሉ። ለዲስኩ ደኅንነት እውነታቸውን ነው። ነገር ግን 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ብቻ ባለው ላፕቶፕ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሻሙ ሁለቱም ያዘግማሉ። በተራ ሲነሱ ግን እያንዳንዱ የማሽኑን ሙሉ አቅም ያገኛል።

አደጋውን አቅልለን አናየውም። ዲስክ ሲከፈል በስሕተት የተጫነች አንዲት ቁልፍ የዓመታት ሥራ ልታጠፋ ትችላለች። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ የፋይሎችን ቅጂ በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ ግድ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻውን ቁጥር መዝግቦ መያዝ፣ የዊንዶውስን ፈጣን አነሳስ ማጥፋት፣ የዊንዶውስንም ክፍል በራሱ በዊንዶውስ መሣሪያ ማሳነስ ያስፈልጋል። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ደግሞ ባትሪው ሳይሞላ ሥራው አይጀመር። ገና ያልቆረጠ ሰው ሊኑክስን ሳይጭን ከፍላሽ ዲስክ አስነስቶ መሞከር ይችላል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ ነባር ኮምፒውተሮችም የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። እንዲህ ያለውን ማሽን ከመጣል በፊት ኢንተርኔት ነክ ሥራውን ለሊኑክስ፣ የቀረውን ለዊንዶውስ ማከፋፈል ይቻላል። የትምህርት ክፍሎችም ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለአደጋ አጋልጦ ብቻውን እንዲሞክር ከመተው ይልቅ፣ በቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮቻቸው ላይ ሁለቱንም ጭነው ቢያለማምዱት መልካም ነው። ሁለት መንገድ የሚያውቅ ተማሪ አንዱ ቢዘጋበት በሌላው ይሄዳል።