በይሉኝታ የተሰበሰበ ድምፅ

ሰው ለቅሶ የሚደርሰው አዝኖ ብቻ አይደለም፤ «ቀረ» እንዳይባልም ነው። ይህንኑ እኛ ይሉኝታ የምንለውን ነገር አሜሪካኖች በፖስታ አሽገው ሞክረውታል። ሙከራውን «ሳይንስ ነው» ብለው የሚያጨበጭቡ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አላጨበጭብም።

ሙከራን ጠልቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የየል ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን በኒው ሄቨን ከተማ 30,000 ያህል መራጮችን በዕጣ ደለደሉ። ለከፊሎቹ ደብዳቤ ተላከ፣ ለከፊሎቹ ስልክ ተደወለ፣ የከፊሎቹ በር ተንኳኳ፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ተተዉ። ሰው በአካል ያነጋገራቸው በጉልህ በልጠው ወጡ። ደብዳቤው ጥቂት ረዳ፤ ስልኩ በዚያ ሙከራ ምንም አልፈየደም። የእጩዎችን ገንዘብ በስልክ ቅስቀሳ ለሚጨርሱ ነጋዴዎች ጥሩ ኩርኩም ነበርና እሰየው!

እ.ኤ.አ. በ2006 ግን እነዚሁ ሁለቱ ከክሪስቶፈር ላሪመር ጋር ሆነው በሚቺጋን 180,000 ቤተሰቦችን ደለደሉ። በአሜሪካ ማንን እንደመረጡ ምስጢር ቢሆንም፣ ድምፅ መስጠት አለመስጠት በመዝገብ የሚታይ ነው። ለአንደኛው ቡድን የጎረቤቶቹን ስም ዘርዝሮ ማን ድምፅ እንደሰጠ፣ ማን እንደቀረ የሚያሳይ ደብዳቤ ተላከ፤ ከምርጫው በኋላም አዲስ ዝርዝር እንደሚከተል ተነገረው። ደብዳቤ ካልተላከላቸው 29.7 በመቶ፣ ከእነዚህ ግን 37.8 በመቶ ድምፅ ሰጡ።

«ታዲያ ብዙ ሰው መውጣቱ ምን ይጎዳል?» ይሉኛል። ለመሆኑ ያ ሰው የወጣው አስቦበት ነው ወይስ ጎረቤቱን ፈርቶ? ቁጥሩ ይህን አይመልስም። ደግሞስ ስሙ በሰፈሩ ሲዞር ፈቃዱን የጠየቀው ማን ነው?

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድና የዳርትማውዝ ተመራማሪዎች የሞንታና ግዛትን ማኅተም ያተሙበት የምርጫ ደብዳቤ ወደ 100,000 ለሚጠጉ መራጮች ላኩ። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች መራጩን በደብዳቤ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ።

በር ማንኳኳት ሰውና ጉልበት ይጠይቃል፤ የሚያሳፍር ደብዳቤ ግን ርካሽ ነው። ርካሹን ዘዴ ምሁር ፈትኖ ካስረከበው፣ ፖለቲከኛ ምን ይዞት ይተወዋል? ይፈተን፣ ይለካ፤ ግን መራጩ ይጠየቅ፣ የሚጎዳውም ይቅር። የኒው ሄቨን ሰዎች በራቸውን ለሰው ከፍተው ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ጅራፍ ሳያስፈልግ የሚሄድን ሰው ጅራፍ ማሳየት ምን ይባላል?